አሜን የተባለለት ክፍልፋይ

እጄ ላይ ማይክራፎን ከሌለ ብዙም የማልታይ ሰው ነኝ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሁለቴ ሂሳብ የሚጠይቀኝ፣ ካፌ ውስጥ አስተናጋጁ ዘሎኝ ከኋላዬ ያለውን የሚታዘዝ ዓይነት። ማይክራፎኑን ከሰጣችሁኝ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ሥራዬ ወንጌላዊነት ነው። ጄኔሬተር እያጓራ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ፍየል እየጮኸ ሕዝብ አስቀምጬ ያስደመጥኩ ሰው ነኝ። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው አንዲት ልጅ፣ ያውም የገዛ ልጁን፣ ሳሎን ውስጥ አስቀምጦ ክፍልፋይ ማስተማር ያቅተዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እኔ አልጠረጠርኩም። የጠረጠሩት አማቴ ናቸው።

አማቴን ላስተዋውቃችሁ። እማማ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆች ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ልደታ ተወልደው፣ ልደታ ተድረው፣ ልደታ ያረጁ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ማርያምን ሳይሳለሙ እህል የማይቀምሱ ሴት ናቸው። እኔ፣ ባለቤቴ ትርሲትና ልጃችን ሶልያና የምንኖረው በእሳቸው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ የድሮው ግቢያቸው ሲፈርስ የደረሳቸው ቤት ነው። ትርሲት ወንጌላዊ ላገባ ነው ስትላቸው ያለቀሱት የደስታ ለቅሶ እንደሆነ ነግረውኛል። እኔም ሳልመረምር ተቀብያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ትርሲት ደቡብ ቆላ ውስጥ ከብት አርቢዎች ወዳሉበት አገር ለአገልግሎት ተላክን። እሷ ነርስ ስለሆነች ታክማለች፣ እኔ እሰብካለሁ። ሶልያናን ትምህርቷ እንዳይስተጓጎል ብለን ከአያቷ ጋር ተውናት። ዓመት አልፎ ስንመለስ በሩን የከፈተችልን እሷ ነበረች። ሮጣ ትጠመጠምብኛለች ብዬ ሻንጣዬን ጥዬ እጆቼን ዘረጋሁ። እሷ ግን ቀኝ እጇን ሰጥታ ጨበጠችኝና፣ «እንኳን ደህና መጡ። ውሃ ላምጣልዎት?» አለችኝ።

እንደ እንግዳ ፓስተር አንቱ አለችኝ። ትርሲት ለቅሶዋ እንዳይሰማ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች፤ ያን ቀን ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ግን ሁሉም ተሰማ። እኔም ውሃ አልፈልግም አልኩና ሻንጣዬን እያነሳሁ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ባዶነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ አንተ ለመባል ብዙ ከረሜላና ብዙ ወራት ፈጀብኝ።

ዘንድሮ ያው አገር እንደገና ጠራን። ከብት አርቢዎቹ ሣር ተከትለው ስለሚጓዙ እኛም አብረናቸው እንጓዛለን፤ ሶልያና ልትገባበት የምትችል ትምህርት ቤት ደግሞ በቅርብ የለም። እኔና ትርሲት ግን ልጃችንን ሁለተኛ ትተን ላንሄድ ተማምለን ነበር። ያኔ ነው በዚያው አገር የምናውቃቸው የፈረንጅ ሚስዮናውያን ትዝ ያሉን። ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት እዚያው ቤታቸው ነው። እናትየው ግራር ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ትቀመጣለች፣ አንደኛው ልጅ ዛፍ ላይ ሆኖ ያነባል፣ ሌላዋ የጉንዳን ሰልፍ እየቆጠረች ሒሳብ ትሠራለች። ሲያዩት ምንም የሚከብድ ነገር የለበትም። የሶልያናን ዳይሬክተር አነጋገርናቸው፤ በዓመቱ መጨረሻ መጥታ ትፈተን አሉን። የቀረን እማማ ጥሩወርቅን ማነጋገር ብቻ ሆነ።

እራት ላይ አነሳነው። እማማ ጉርሻቸውን እስኪጨርሱ ጠበቁና ማን እንደሚያስተምራት ጠየቁ። ትርሲት እንግሊዝኛና ሳይንስ፣ እኔ ደግሞ አማርኛና ሒሳብ አልኩ። ሒሳብ ስል ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያም እጃቸውን ታጥበው ተመልሰው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«መልካም። ክረምቱን እዚሁ፣ ፊቴ አስተምሯት። ተማረች ካልኩ ይዛችኋት ትሄዳላችሁ። አልተማረችም ካልኩ ልጅቷ ከእኔ ጋር ትቀራለች።»

ትርሲት ተስማማች። እኔ ደግሞ ከመስማማትም አልፌ አመሰገንኩ፤ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሳስበው ያለ ሰሌዳ የሚያስተምር ሰው ያለ መድረክ እንደሚሰብክ ሰው ሆነብኝ። ሰንጋ ተራ አንድ አናጺ ጋ አሠራሁና ተሸክሜ ታክሲ ጠበቅሁ። ያገኘሁት ረዳት ሁሉ ወይ አንተ ወይ ሰሌዳው ይለኛል። ሦስተኛው ላይ ሰሌዳውን ብቻ ጭኖ ልደታ እንዲያወርድልኝ ለመጠየቅ አስቤ ተውኩት። በእግሬ ጀመርኩ። ነፋሱ ሰሌዳውን ሲገፋው እኔም ወደ ገፋበት እየሄድኩ፣ አንድ ሁለቴ ወደ ሜክሲኮ ተመልሼ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ዝናቡ ወረደ። ሰሌዳውን ራሴ ላይ ባደርገው ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች አላስፈቀዱኝም፣ ከሥሩ ገብተው ተጠለሉ። ከዚያ በኋላ የመንገዱ ባለቤቶች እነሱ ሆኑ። ቀስ በል፣ ዘንበል አድርገው፣ ወደ እኔ አምጣው እያሉ ይዘውኝ ሄዱ። አንደኛዋ ቀጠሮ ስለነበራት ልደታ ፍርድ ቤት በር ድረስ አደረስኳት። እግዜር ይስጥህ ብላኝ ስትገባ ጀርባዋን አየሁት፤ ጥቁር ሆኗል። ቀለሙ አልደረቀም ነበር።

ቤት ስገባ እማማ ሰሌዳውንም ሸሚዜንም ራሴንም ተራ በተራ አዩና ትምህርቱ በጽዳት ይጀመር አሉ። ይህን ብለው ወንበራቸውን ጥግ ላይ አስቀምጠው ሹራብ መሥራት ጀመሩ። ለሳምንታት ከዚያች ጥግ አልተነሱም።

በማግስቱ ትምህርት ተከፈተ። እንደ ወጉ በጸሎት ጀመርን። ስለ አገሪቱ መምህራን፣ ስለ ተማሪዎች፣ ሒሳብን ስለ ፈጠሩ ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ትተው ስለ ሄዱ አገልጋዮች ሁሉ ጸለይኩ። ዓይኔን ስገልጥ ተማሪዬ ተቀምጣለች፣ እማማ ደግሞ አንድ እጅጌ ጨርሰዋል።

ከዚያ ወደ ክፍልፋይ ገባሁ። እኔ ሳስተምር የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ነጥብ ጻፍኩ፦ የክፍልፋይ ትርጉም፣ የክፍልፋይ በረከት፣ ለክፍልፋይ የምንሰጠው ምላሽ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ፣ ቀስ በቀስ ከፍ አደረግሁ። «አንድ ሙሉ ነገር ነበር!» አልኩ። ዝም አልኩ። «አንድ ሙሉ ነገር ነበር እያልኩ ነው!» ሶልያና ከሕፃንነቷ ጀምሮ የእኔ ጉባኤተኛ ናት፤ ምን እንደሚጠበቅባት ታውቃለች። «አሜን» አለች።

አሜን ሲሰማ የሚሆነውን ሰባኪ የሆነ ያውቀዋል። ሰውነቴ ሞቀ፣ መሀረቤን አወጣሁ። ከላይ ያለው ቁጥር፣ ከታች ያለው ቁጥር፣ በመሀል ያለችው መስመር፣ አንዱም ሳይቀር ተሰበከ። ከጎንሽ ላለው ሰው ክፍልፋይ የእኩል ድርሻ ነው በይው አልኳት። ከጎኗ ማንም አልነበረም። ዞር አለችና ለፍሪጁ ነገረችው። በመጨረሻ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ማንም ማንንም አይይ፣ ክፍልፋይ የገባችሁ ባላችሁበት ሆናችሁ እጃችሁን አንሱ አልኩ። ሶልያና አነሳች። «አንድ እጅ አያለሁ፤ ሌላስ?» አልኩ። ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ከአፌ ወጣ። ሳሎኑን በዓይኔ ስቃኝ የእማማ ዓይን ገጠመኝና ትምህርቱን ቶሎ ዘጋሁት።

እንዲህ እያልን ሳምንታት ሄዱ። የክፍልፋይን ትርጉም ጨርሰን ክፍልፋይ ወደ ማነጻጸር ገባን፣ ከዚያም ወደ መደመር። የሶልያና አሜን ቀን በቀን እየበረታ ሄደ። አንዳንዴ እኔ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ትቀድመኛለች፤ እንዲህ ያለች ፈጣን ልጅ ከማን ወጣች እያልኩ ትርሲትን በኩራት አያታለሁ። የእሷ ሳይንስ ጸጥ ያለ ነው። አጥንት አስተምራለሁ ብላ ሶልያናን በፋሻ ጠቅልላ ስታበቃ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ በአንድ እግሯ ዘለለች። አንድ ቀን ማታ ሰሃን እያጠብን ትርሲት ሒሳቡ በእውነት ይገባታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አሜን ስትል አልሰማሽም ወይ አልኳት። ያጠብኩትን ሰሃን መልሳ አጠበችው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ መንገሻ ናቸው፤ ሁለት የኮሚቴ አባላት ከኋላቸው ቆመዋል። ጋሽ መንገሻ ፍርድ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ዛሬም ኮታቸውን ሳይለብሱ ሊፍት አያዙም፣ ንግግራቸውም ከችሎት አልወጣም። ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሩን አሰሙ።

«ከዚህ ቤት በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት፣ ከፍ ያለ የስብከትና የአሜን ድምፅ ይሰማል የሚል አቤቱታ ቀርቧል። የመኖሪያ ቤትን ለቸርችነት ማዋል በጠቅላላ ጉባኤ የተከለከለ መሆኑ ይታወቃል።»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እማማ ከጥጋቸው ተነሱ። ስንት ዓመት የማርያምን ጽዋ የጠጣች ሴት ቤት ውስጥ ቸርች ተከፈተ መባሉ አንገብግቧቸዋል። ይህ ቸርች ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው አሉ። ቆም አሉና፣ «ነው ይላሉ» ብለው ጨመሩበት።

ጋሽ መንገሻ ገብተው ሰሌዳውን አዩ። «ለክፍልፋይ የምንሰጠው ምላሽ» የሚለውን ጮክ ብለው አነበቡትና ወደ እኔ ዞሩ። ማብራራት ጀመርኩ። በእጃቸው አስቆሙኝ፤ ምስክር መስማት ፈልገዋል። ሶልያናን ጠርተው ስሟን ካስነገሩ በኋላ በደግነት ጠየቋት።

«ክፍልፋይ ማለት ምን ማለት ነው፣ የኔ ልጅ?»

«አሜን» አለች ሶልያና።

ሶልያና ዞር ዞር ብላ የሁላችንንም ፊት አየች። መልሱ እንዳልበቃ ስለተሰማት፣ «ሃሌ ሉያ» ብላ ጨመረች።

ከኮሚቴው አንደኛው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ጋሽ መንገሻ ግን አልሳቁም። ጠረጴዛው ላይ ካለው ዕቃ ሲያማርጡ ቆይተው ሎሚ አነሱና የዚህን ግማሽ አሳይኝ አሏት። ሶልያና ሎሚውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እግሯን አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጋሽ መንገሻ ሎሚውን ቀስ አድርገው ቦታው መለሱና ኮታቸውን ቆለፉ።

«አቤቱታው ውድቅ ሆኗል» አሉ። «ቸርች አልተከፈተም። ትምህርት ቤትም አልተከፈተም።»

በሩ ሲዘጋ እማማ ሹራባቸውን ጠቅልለው ከረጢት ውስጥ ከተቱ። አልጮኹም፣ አልሰደቡኝም። ልጅቷ ከእኔ ጋር ትቀራለች ብለው ክፍላቸው ገቡ። ትርሲት ገና አንድ ወር አለን ብላ ከኋላቸው ብትከራከርም በሩ አልተከፈተም። እኔ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ቀረሁ። ያ ቀን፣ ያ የተዘረጋ ትንሽ እጅ፣ ውሃ ላምጣልዎት የሚለው ድምፅ ተመልሶ መጣብኝ። ፍሪጁን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከእኔ ይልቅ እሱ ክፍልፋይ ሳያውቅ አይቀርም።

ሶልያና በረንዳ ላይ ኩርምት ብላ ባቡሩ ሲያልፍ ታያለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ላልገባሽ ነገር ለምን አሜን አልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ዓይኗን ከባቡሩ ሳታነሳ መለሰችልኝ።

«ስትሰብክ ማን ያቋርጥሃል? ሰው ሁሉ አሜን ነው የሚለው። ሁሉም ገብቷቸው ያልገባኝ እኔ ብቻ መስሎኝ አፈርኩ።»

ወዳጆቼ፣ ስንት ድንኳን ሙሉ አሜን በዓይኔ ፊት አለፈ። የስንት ዓመት አሜንን በአንድ ጊዜ ተጠራጠርኩ። ከፊተኛው ወንበር የማይጠፉት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ፤ ከሁሉ አብልጠው አሜን ይላሉ፣ ጆሯቸው ግን አይሰማም። ቢሆንም የሚያሳዝነኝ የእሳቸው አልነበረም። ልጄ እኔን ማቋረጥ ፈርታ ብቻዋን ስታፍር መክረሟ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳትና እዚያው በረንዳ ላይ አዲስ ሕግ አወጣን። ከዛሬ ጀምሮ አሜን የለም። ያልገባው ሰው እጁን ያነሳና አልገባኝም ይላል። የሚናገረው ሰው ማንም ይሁን ማን ያቆማል፣ የቱ ጋ እንዳልገባው ጠይቆ እንደገና ያስረዳል። ማንም ይሁን ማን የሚለውን ያስገባሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ሳስገባው ለማሳመር ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ መከራዬን አየሁ። ልጅቷ ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን አልገባኝም በአንድ ሳምንት አወረደችብኝ። አፌን ስከፍት እጇ ይነሳል። በተለይ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለች። ስምንት ከአራት ይበልጣል፤ ታዲያ አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ የሚያንሰው ለምንድን ነው? አስረዳሁ። እጇን አነሳች። ደግሜ አስረዳሁ። አነሳች። ላብ ሲያጠምቀኝ አንዳንዱን ነገር በእምነት ትቀበይዋለሽ አልኳት። እጇን አላወረደችም። ጥጉን ሳይ የእማማ ወንበር ባዶ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ ላይ አይቀመጡም፣ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ወጣ ይላሉ።

የሚቆረጥ ነገር ያስፈልገኛል ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ አለ። ክብ ነው፣ ሙሉ ነው፣ ገና ትኩስ ነው። ከሰማይ የወረደልኝ መሰለኝ። ሳሎን አመጣሁትና በመሀሉ ቢላ አሳለፍኩበት። ይህ ግማሽ ነው አልኩ። ግማሹን በግማሽ፣ ሩብ። ሶልያና ቢላዋን ተቀበለችኝ። አራት ሰው ቢበላ ለእያንዳንዱ ይህን ያህል ይደርሰዋል፤ አንድ ለአንተ፣ አንድ ለእማዬ፣ አንድ ለእማማ፣ አንድ ለእኔ አለች። እንግዶች መጥተው ስምንት ብንሆንስ አልኳት። ሩቡን ሁሉ ለሁለት ቆረጠችው፣ ቁራሹን አንስታ አየችው፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች።

«ሰው ሲበዛ ድርሻ ያንሳል!» አለች። «ታች ያለው ቁጥር ሰው ነው!»

ተነስተን ጨፈርን። ትርሲት ከመኝታ ቤት ሮጣ መጥታ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራን ጨፈረች። ደስታችን ሞቅ እንዳለ በሩ ተከፈተና እማማ ከማኅበርተኞቻቸው ሁለቱን ይዘው ገቡ።

የማኅበር ዳቦ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ቄስ ጸልዮ ባርኮት ነው የሚቆረሰው። ዛሬ ልደታ ናት፤ ጽዋው ደግሞ የደረሰው እማማ ጋ ነው። ዳቦውም በስምንት ተቆርሷል፣ የቆረሰውም ወንጌላዊ ነው። ማኅበርተኞቹ አንዱን ቁራሽ በሌላው ላይ አስጠግተው ሙሉ ለማስመሰል ቢሞክሩም አንዱ ቁራሽ ሶልያና አፍ ውስጥ ነበር። ሌላ ዳቦ ፍለጋ ሰፈሩን ስዞር ከሰዓት ሆነ። ስመለስ እማማ ዳቦውን ተቀበሉኝ። ልጅቷ ምን እንደተረዳች ልነግራቸው ብሞክር እጃቸውን አነሱ፤ ያ ግን የእኛን ሕግ የተከተለ እጅ አልነበረም።

ቸርቻችን የሚሸኘን የስንብት እሑድ እስኪደርስ ድረስ ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም። የሶልያና ሻንጣ ግማሹ ተሞልቶ መኝታ ቤቱ መሀል ቆሟል፤ ትርሲት ማታ ልብስ ትጨምርበታለች፣ ጠዋት ደግሞ ታወጣለች። ቃል ገብተናል። እማማ አልተማረችም ካሉ ልጅቷ ትቀራለች፣ እስካሁን ያሉትም ይህንኑ ነው። ሶልያና ይህን ሁሉ ታውቃለች። የእሑዱን መዝሙር እንድትሰሚልኝ ብላ ለምና አያቷን ወደ ቸርች እንዲመጡ ያስማማቻቸው ራሷ ናት።

እማማ በሕይወታቸው የእኛን አዳራሽ ረግጠው አያውቁም ነበር። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው መጡና የመጨረሻው ወንበር ጫፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። አስተናጋጁ ወደ ፊት ይምጡ ቢላቸው እዚህ ይመቸኛል አሉት። ልጆቹ ዘመሩ። ቀጥሎ እኔ የስንብት ቃል እንዳስተላልፍ ተጠራሁና ማይክራፎኑ እጄ ገባ።

ማይክራፎን እጄ ሲገባ ምን እንደምሆን ነግሬያችኋለሁ። ስለ መንገዱ ተናገርኩ፣ ስለ በረሃው ተናገርኩ፣ ድምፄ ከፍ አለ፣ አዳራሹ ሞቀ። «ወደዚያ ስንሄድ ምንም አይጎድለንም!» አልኩ። አሜን አሉኝ። «ምንም አይጎድለንም እያልኩ ነው!» አዳራሹ በአሜን ተናወጠ። መሀረቤን ላወጣ እጄን ኪሴ ውስጥ ሳስገባ ከመዘምራኑ መሀል አንድ ትንሽ እጅ ተነሳ።

እንዳላየ ልሆን ፈልጌ ነበር። እጁ ግን አልወረደም። ሰው አንገቱን ማዞር ጀመረ፣ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሕጉ ትዝ አለኝ፤ ማንም ይሁን ማን ይላል። ማይክራፎኑን ዝቅ አደረግሁ።

«አባዬ፣ አልገባኝም» አለች ሶልያና።

«የቱ ጋ ነው ያልገባሽ?»

«ምንም አይጎድለንም ያልከው። እኛ አራት ነን። እማማ እዚህ ከቀረች አንድ አራተኛ ይጎድለናል።»

ስሰብክ ኖሬ እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝቼ አላውቅም። ትርሲት ፊቷን በመዝሙር መጽሐፉ ሸፍናለች። ልክ ነሽ አልኳት በመጨረሻ፣ በማይክራፎኑ። ይጎድለናል፤ ብዙ ይጎድለናል፤ ስናገር አላሰብኩበትም። ፊተኛው ወንበር ላይ ያሉት ጆሯቸው የማይሰማው ሽማግሌ በዚህ መሀል አሜን አሉ።

ከኋላ በኩል ወንበር ተንቀሳቀሰ። እማማ ጥሩወርቅ ቆመዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፍል ጸጥ ያሰኙበት ድምፅ አዳራሹን ያለ ማይክራፎን ሞላው።

«መልሱ ትክክል ነው» አሉ። «ቁጭ በይ፣ የኔ ልጅ።»

ሶልያና ቁጭ አለች። እኔም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መድረኩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰዉ ሲበተን እማማን ውጭ አጥሩ ሥር አገኘናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ያደርጉታል። ሶልያና ሮጣ ወገባቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ከከረጢታቸው ውስጥ የጨረሱትን ሹራብ አወጡና ትከሻዋ ላይ ለኩት፤ ቆላም ቢሆን ማታ ይበርዳል አሉ። ከሥሩ አንድ ካርቶን ጠመኔ ነበረ፤ እሱን ለእኔ ሰጡኝ። ጠመኔውን መቼ እንደገዙት ብጠይቅ ከዳቦው ማግስት ነው አሉ። ዳቦውን ያየሁት እኮ መምህር ሆኜ ነው አሉኝ፤ በስምንት የተቆረሰው እኩል ነበር፣ ቁጣዬን ግን ማኅበርተኞቼ ፊት ልውጠው አልቻልኩም።

«ለፋሲካ እመጣለሁ» አሉኝ ከዚያ። «እኔ ራሴ እፈትናታለሁ። አንተንም ጭምር።»

«አሜን» አልኩ።

ሶልያና ከአያቷ ነጠላ ሥር ቀና ብላ አየችኝ።

«ገብቶህ ነው፣ አባዬ?»